ወንዛችንን በስድስት ሜትር ላይ ላቆሙልን ክቡር ዋና ዳይሬክተር

ይድረስ ለክቡር ዶክተር አላስቴር ዊንድኸም
የሰሜን ሸለቆዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ታውንስቪል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም የተከበረው ቤተሰብዎም፣ እንዲሁም ባለፈው የካቲት ስለ ማርላ ክሪክ መግለጫ ሲሰጡ ደጋግሞ ይተናነቅዎት የነበረው ጉሮሮዎ፣ በመልካም ጤንነት ላይ እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። በእኛ በኩል ደህና ነን። ውኃው ጎድሏል፣ አጥሩ ቆሟል፣ የተረፈው ሸንኮራም ቀና ማለት ጀምሯል። የሞቱት ከብቶች ተቀብረዋል። ያልተቀበረ ነገር ቢኖር የእርስዎ መግለጫ ብቻ ነውና፣ እሱን በክብር አብረን ለመቅበር ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ስሜ ሪኖ ዛናታ ይባላል። ያስታውሱኛል ብዬ አልደፍርም፤ ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ በላኩልኝ ሦስት መልሶች አንድ ጊዜ «ሚስተር ዛኔቲ»፣ አንድ ጊዜ «ሚስተር ዛራታ»፣ በመጨረሻም «ውድ እመቤት» ብለውኛልና። በማርላ ክሪክ ዴፖ ያለውን የባለሥልጣኑን ሰርቨር ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት፣ ከሦስተኛው ደብዳቤ በኋላ ደግሞ አገልግሎቴ እንደማያስፈልግ የተነገረኝ ሰው ነኝ። ለዚያ ስንብት አመሰግንዎታለሁ፤ ባያሰናብቱኝ ኖሮ ከዚህ በታች የማነሣውን ሥራ ለመሥራት ጊዜ ባላገኘሁ ነበር።

ምስጋናዬን እንዳይበዛብዎ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለትዕግሥትዎ። በሦስቱም ደብዳቤዎቼ የነገርኩዎ አንድ ነገር ነበር፤ እነዚያን ደብዳቤዎች ላላዩ የሸለቆው ነዋሪዎች ስል አሁንም ልድገመው። የወንዙ ከፍታ ሰንጠረዥ የሚኖረው ታውንስቪል ባለው ዋና ሰርቨር ላይ ነው። ከዚያ እስከ እኛ ያለው መስመር ቀጭን ስለሆነ በመሃል፣ እኔ እጠብቀው የነበረ አንድ አቀባባይ ሰርቨር አለ፤ እሱ የራሱ ፋይል የለውም፣ ከታውንስቪል የተጋራውን ተቀብሎ ለአምስቱ የሸለቆው ጣቢያዎች መልሶ ያጋራል። የጣቢያው ኮምፒውተር አንድ ፋይል ካነበበ በኋላ ቅጂውን ይይዛል፤ ፋይሉ እንደገና ሲከፈት «የለውጥ ቁጥሩ ያው ነው ወይስ ተቀይሯል?» ብሎ አቀባባዩን ይጠይቃል። ያው ነው ከተባለ የያዘውን ቅጂ ያሳያል። ታውንስቪል ያለው ማሽን ፋይሉ በተነካ ቁጥር ይህን ቁጥር በሐቀኝነት ከፍ ያደርገዋል። አቀባባዩ ግን ቁጥሩን ወደ እኛ አያሳልፈውም ነበር። እሱን ጥሎ ፋይሉ የተለወጠበትን ሰዓት ያይና ከሰዓቱ የራሱን ቁጥር ይፈበርካል። ሰዓቱ ደግሞ ከሰከንድ በታች አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ የተለወጠ ፋይል ለእኛ አንዴ ብቻ እንደተለወጠ ይነገረናል፤ በሁለቱ ለውጦች መካከል የደረሰ ኮምፒውተርም የመጀመሪያውን እንደያዘ ይቀራል፣ ሰንጠረዡ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንደገና እስኪታደስ ድረስ።

የእርስዎ የማደሻ ፕሮግራም ሰንጠረዡን ሁልጊዜ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ እንደሚጽፈው በሁለተኛው ደብዳቤዬ አስረድቼ ነበር፤ መጀመሪያ የተለካውን ከፍታ ከነሰዓቱ፣ ቀጥሎ አዲሱን ትንበያ። እርስዎም «የተጠቀሰው ክስተት በሙከራችን አልታየም» ብለው መለሱልኝ። ሙከራችሁ አንድ ጊዜ ብቻ እንደነበረ ኋላ ሰማሁ። ክስተቱ ባጋጣሚ የሚመጣ ነው፣ በየጊዜው ቀጠሮ አይዝም፤ ይህንንም ጽፌልዎ ነበር።

ሁለተኛ፣ በሥራ ዘመንዎ ስላወጡት መመሪያ። ከታውንስቪል ወደ ጣቢያዎቹ ይደረግ የነበረውን የስልክ ጥሪ «ፋይሉ ይበቃል» ብለው አስቀርተዋል። አጭር መመሪያ ነው፤ ስለዚህ ምስጋናዬም አጭር ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ወይዘሮ ኖሊን ዱጋን። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ስለሚረዝም ተደላድለው ይቀመጡ።

ኖሊን በማርላ ክሪክ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ጎርፉ በመጣበት በዚያ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሰንጠረዡን ስክሪኗ ላይ ዘርግታ እየጠበቀች ነበር። ሰንጠረዡ ታደሰ። የተለካው ከፍታ አዲስ፣ ሰዓቱም አዲስ፤ ከስሩ የተጻፈው ትንበያ ግን የጠዋቱ፣ ስድስት ነጥብ ሁለት ሜትር። ከአንድ ሰከንድ በታች ቆይቶ ዘጠኝ ሜትር የሚል አዲስ ትንበያ ታውንስቪል ላይ ተጻፈ፤ ኖሊን ዘንድ ግን አልደረሰም። ሰዓቱ አዲስ መሆኑን ያየ ሰው ትንበያው አሮጌ ነው ብሎ በምን ይጠረጥራል? ለሠላሳ አንድ ገበሬዎች ስልክ ደወለች። ከነሱ አንዱ ክላይቭ ሃስኬል ነበር፤ ታችኛው መስኩ ወንዙ ጥግ ላይ ያለ ከብት አርቢ ነው።

«ኖሊን፣ ከብቶቹን ላውጣ ወይስ ልተዋቸው?» አላት።

«ስድስት ነጥብ ሁለት ነው የሚለው፣ ክላይቭ። ያንተ መስክ የሚጠልቀው ሰባት ሲደርስ ነው። ይቆዩ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፊት ለፊቴ ተጽፎ እያየሁት ነው እኮ።»

ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡን ዘጠኝ ጊዜ ዘግታ ከፈተችው። ዘጠኝ ጊዜም ስድስት ነጥብ ሁለት አላት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በመስኮቷ አሻግራ ድልድዩን አየች፤ ውኃው የፍጥነት ገደብ ሰሌዳውን አንገቱ ድረስ ውጦታል። ስክሪኑን ትታ መስኮቱን አመነች። ማንንም ሳታስፈቅድ ስልኩን አንሥታ የገበሬዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች «አውጡ! ሰንጠረዡ የሚለውን እርሱት፣ አሁኑኑ አውጡ!» እያለች ጮኸች። ሃያ ስምንቱ ከብታቸውን አዳኑ። ክላይቭ የመስኩን በር ሊከፍት ውኃ ውስጥ ገብቶ ሄሊኮፕተር እስኪደርስለት የማንጎ ዛፍ ላይ ዋለ። ስድሳ አንድ ላሞቹ ከሥሩ አለፉ። ድምፃቸውን ሰምቷል። እኔ ስለዚህ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እርስዎ ግን ጻፉ። የእርስዎ ምርመራ «ሰንጠረዡ በወቅቱ ታድሷል፤ የጣቢያዋ ሠራተኛ ከእኩለ ቀን በኋላ ፋይሉን እንዳልከፈተች የዋናው ሰርቨር መዝገብ ያረጋግጣል» ብሎ ደመደመ። ቀጥሎም ያለ ሰንጠረዥ ማስጠንቀቂያ ማስተላለፏን ሁለተኛ ጥፋት አድርጎ ቆጠረባት። በዚህ ላይ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው፤ አንድን ሰው ባለማንበቡም ሳይነገረው በማወቁም በአንድ ገጽ ላይ መክሰስ ችሎታ ይጠይቃል። ኖሊን የምርመራ ኮሚቴው ፊት ቀርባ «ዘጠኝ ጊዜ ከፍቼዋለሁ» ስትል እርስዎ የመለሱላትን ቃል እሷም እኔም በቃላችን ይዘነዋል።

«ወይዘሮ ዱጋን፣ መዝገብ አይዋሽም።»

ክቡር ዶክተር፣ መዝገቡ በእርግጥም አልዋሸም። የኖሊን ኮምፒውተር «ያው ነው» ስለተባለ ከራሱ ቅጂ እያነበበ ነበር፤ ንባቡ ታውንስቪል ድረስ ስላልመጣ መዝገቡ ላይ ሊሰፍር አይችልም። ማስረጃ ብላችሁ ያቀረባችሁት ራሱ በሽታው ነበር። ይህንንም በሦስተኛው ደብዳቤዬ ጻፍኩልዎ፤ የስንብቴ ደብዳቤ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ኖሊን ከሥራ ታገደች። ማርላ ክሪክ ትንሽ ቦታ ናት፤ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ስትገባ ወሬ ይቆማል። ቦውልስ ከተባለው የሣር ላይ ኳስ ማንከባለል ጨዋታ ክለብ ቡድን ስሟ፣ ማን እንዳወጣው ሳይነገራት፣ ወጣ። በየሰኞው ጠዋት የፖስታ ሣጥኗ ውስጥ ከብት ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል አንድ ቢጫ የመለያ ቁጥር ታገኛለች፤ ከሞቱት ላሞች ጆሮ የተቆረጠ። ማን እንደሚያስቀምጠው ታውቃለች። አንዱንም አልጣለችም። «ክላይቭ ነው፤ ምን ያድርግ፣ እሱም የሚያደርገው አጥቶ ነው» አለችኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ አልልም ነበር። የእኔ ባሕርይ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አራተኛ፣ ጥሪያችንን አክብረው ወደ ሴቶች ማኅበር አዳራሽ ስለመጡ። በጋራዤ ውስጥ በሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የእናንተን የኮምፒውተር አሠራር ቁልጭ አድርጌ ሠርቼው ነበር፤ አንዱ ታውንስቪል፣ አንዱ አቀባባይ፣ አንዱ የኖሊን ጣቢያ። ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው፤ ከእርስዎ ጋር የመጣችው መሐንዲስም ገመዱንም ፕሮግራሙንም አንድ በአንድ አየችና «እኛ ዘንድ ያለው ይኸው ነው» አለች። እርስዎ በዚያ ጊዜ ለሕዝቡ ያደረጉት ንግግር ባጭሩ ይህ ነበር፦

«ሰውየው ከሥራ የተሰናበተ ነው። የያዘው ቂም ነው።»

«ልክ ነዎት ክቡር» አልኩዎ፤ «ቂም ነው። ግን ስክሪን ላይ ይዤው መጥቻለሁ።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። በመልካም ፈቃድዎ «ወንዙ ስድስት ሜትር ነው» እና «ወንዙ ዘጠኝ ሜትር ነው» አሉኝ። የራስዎ ፕሮግራም ሁለቱን አከታትሎ ጻፈ። የጣቢያዋ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠችው ኖሊን ስክሪኗን አየች፤ ዘጠኝ ይላል። እርስዎ ፈገግ አሉ። ደገምነው፤ አሁንም ዘጠኝ። ጣራው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል፣ የእኔ ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ከኋላ አንድ ሰው «ሪኖ፣ ይብቃህ በቃ፣ ተቀመጥ» አለ። እርስዎም ቦርሳዎን ዘጉ። ሐቁን ልንገርዎ፣ በዚያች ደቂቃ ፈርቼ ነበር፤ ለራሴ አልነበረም፣ ኖሊን ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የወጣችው እኔን አምና ስለነበር ነው። እሷ ግን ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ «አንዴ ድገመው» አለች።

ደገምኩት። ታውንስቪል በተባለው ስክሪን ላይ ዘጠኝ፤ የኖሊን ስክሪን ላይ ስድስት።

«እንደገና አልከፈተችውማ!» አሉ እርስዎ፣ ጣትዎን ቀስረው።

ዘጋችው፤ ከፈተችው። ስድስት። ዘጋችው፤ ከፈተችው። ስድስት። ከዚያ ወንበሯን ለቀቀችልዎ። «ይቀመጡ፤ በራስዎ እጅ ይክፈቱት» አለች።

ተቀመጡ። ባርኔጣዎን እንኳ ሳያወልቁ አራት ጊዜ ከፈቱት። አራት ጊዜም ስድስት አለዎት። ያን ጊዜ መሐንዲሷን የዋናውን ሰርቨር መዝገብ ግድግዳው ላይ እንድታሳይ ጠየቅኋት፤ ከለውጡ በኋላ ፋይሉን የከፈተ ሰው አንድም የለም ይላል። ኖሊን መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ዶክተር ዊንድኸም» አለች፤ «መዝገቡ እንደሚለው ከሆነ እርስዎም አልከፈቱትም።»

ሰዉ አልሳቀም። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሳቅ ቢሆን ኖሮ ለእርስዎም ይቀልልዎ ነበር። ሰማንያ ሰው ትክ ብሎ አየዎት። እርስዎም በወጥ ቤቱ በር ወጡ፤ እዚያ የሻይ ዕቃ ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች መንገድ አልለቀቁልዎትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዕቃው መሃል አቋርጠው አለፉ አሉ። ለተሰበሩት ሁለት ስኒዎች አይጨነቁ።

በማግሥቱ ክላይቭ ሃስኬል የኖሊን አጥር በር ላይ መጥቶ ቆመ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ጀመር። እሷ ከበረንዳው ሆና «ሻይ ትጠጣለህ ወይስ እዚያው ቆመህ ትውላለህ?» አለችው። ገባ። አሥራ ሦስቱን የጆሮ ቁጥሮች ከመሳቢያ አውጥታ እፊቱ አኖረችለት። «ያንተ ናቸው» አለችው። ኪሱ ከተታቸው፤ ከዚያ ሻዩን ሳይነካው ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ጻፈው፣ እዚያ ላለው ሰውዬ ንገረው ብሎኛል።

አምስተኛ፣ ስለ ዕድገታችን። ስህተቱን የሚያርመውን የፕሮግራም ጥገና እኔ ጻፍኩት። ነገሩ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ አቀባባዩ ከሰዓቱ ቁጥር መፈብረኩን ትቶ ከዋናው ማሽን የተቀበለውን የለውጥ ቁጥር እንዳለ ለእኛ ያሳልፍ፣ በቃ። ጥገናውን፣ ሰርቨሮቹ የሚሠሩበትን የፋይል ሥርዓት ለዓለም ሁሉ በነፃ ወደሚጠብቁት ሰዎች ላክሁት። ሁለት ጊዜ መለሱብኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበሩ፤ ዋናው ማሽን ሳይታሰብ ጠፍቶ ሲበራ ቁጥሩ ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። በሦስተኛው ተቀበሉት። ስህተትን ሲነገሩ የሚያርሙ ሰዎች በዚህ ዓለም ላይ መኖራቸውን ሳይ ትንሽ ደነገጥሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ከእናንተ ጋር ስለሠራሁ ይሆናል።

ከዚያ ባለሥልጣኑ ጥገናውን በአቀባባዩ ላይ ጫነ፤ ድረ ገጹም ላይ «በታቀደው የማሻሻያ መርሐ ግብር መሠረት የመረጃ ፍሰታችን ተሳልጧል» ብሎ አወጀ። ኖሊን ደግሞ ሁለት መስመር ደረሳት፤ ጉዳዩ መዘጋቱንና ወደ ሥራዋ መመለስ እንደምትችል የሚገልጽ። ይቅርታ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ቦታ ስላላገኘ ይመስለኛል የቀረው። መልሳ ላከችው። ከኋላው ላይ በእስክሪብቶ «አልተዘጋም» ብላ ጽፋበታለች።

አሁን ወደ ባሕርዬ ልመለስ። ኖሊን ይቅር ባይ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደዚያው አዳራሽ ተመልሰው፣ በዚያው ሕዝብ ፊት፣ የምርመራ ውጤትዎን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በራስዎ ድምፅ አንብበው፣ ሐሰት የሆነበትን እያንዳንዱን መስመር በራስዎ አፍ ሐሰት ነው ይበሉ። እስኪመጡ ድረስ ሥራ አልፈታም። ሦስቱን ደብዳቤዎቼን፣ የእርስዎን ሦስት መልሶች ከነተሳሳተው ስሜ፣ የአዳራሹን ቀረጻና የመሐንዲስዎን የተፈረመ ቃል ለእንባ ጠባቂ ጽሕፈት ቤት አስገብቻለሁ። ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ልኬያለሁ። እርስዎ ንግግር እንዲያደርጉ ለተጋበዙበት የመጪው ወር የአደጋ መከላከል ጉባኤ አዘጋጆችም አንድ ቅጂ አድርሻለሁ፤ ንግግርዎ «መረጃን ማመን» በሚል ርእስ እንደሆነ በመርሐ ግብሩ ላይ አይቼ ወንበር ይዣለሁ። የፊተኛው ረድፍ ነው። ክላይቭ ከጎኔ ነው።

ክቡርነትዎ ይህን ረጅም ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት እንዳነበቡት፣ ቢያነቡትም መዝገብ እንዳላነበቡት አድርጎ እንደሚያቆይልዎ በመተማመን፣ የሚገባዎትን ሁሉ እንዲያገኙ ያለኝን የማይናወጥ ምኞት በታላቅ አክብሮት እየገለጽሁ እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ የማይረሳዎት አገልጋይ፣

ሪኖ ዛናታ
ማርላ ክሪክ

ከፊርማው በኋላ የታወሰኝ፦ ጥገናው ገና ተቀባይነት ሳያገኝ፣ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል፣ የጥገናው ባለቤትነት ላይ የባለሥልጣኑ ስም እንዲጨመር ጠይቀው ነበር። በደስታ ፈጽሜዋለሁ። እያንዳንዱ ጥገና ከላዩ ላይ ምክንያቱን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይያያዝበታል፤ አንዴ ከገባ በኋላ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ልንሰርዘው አንችልም፣ ሥርዓቱን ከነታሪኩ የሚወስድ ሁሉ እሱንም አብሮ ይወስዳል። የእኛው እንዲህ ይላል፦ «ስህተቱን ያገኘችው ኖሊን ዱጋን፣ ማርላ ክሪክ። ስህተት የለም ያለው አላስቴር ዊንድኸም፣ ታውንስቪል።» ስምዎን በትክክል መጻፌን ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ።